ድሬ ላይ በክረምት በጎ ፈቃደኛ ልትሆኑ ነው? የቱ እንደሚያዋጣችሁ እናወዳድር

ሰኔ ሲጋመስ የቀበሌው በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። «የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ምዝገባ ተጀምሯል» ይላል። ከሥሩ ዘርፎቹ በአንድ ትንፋሽ ይደረደራሉ፦ የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ችግኝ ተከላ፣ ደም ልገሳ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ የትራፊክ አገልግሎት፣ የአካባቢ ጽዳት፣ ማዕድ ማጋራት። ተማሪው ዝርዝሩን አይቶ ግራ ይገባዋል። በመጨረሻ ጓደኛው የተመዘገበበት ላይ ይመዘገባል። ሁለት ሳምንት ይሄዳል፣ ከዚያ ይቀራል።

ወላጅ «ልጄ ሰነፈ» ይላል። እኔ ግን አብዛኛው የሚቀረው የማይሆነው ቦታ ስለገባ ይመስለኛል። ደም ሲያይ የሚያዞረው ልጅ ሆስፒታል ይመደባል። ሒሳብ እንደ ውሃ የሚጠጣው ልጅ አካፋ ይዞ ጉድጓድ ይቆፍራል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ዘርፎቹን አንድ በአንድ እናገላብጣቸው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ብትቀሩ የሚፈልጋችሁ ሰው አለ ወይ? ጠዋት ስትቀሩ የሚደውል አስተባባሪ ወይም «ቲቸር ዛሬ የት ሄደ?» የሚል ሕፃን ካለ፣ ያ ሥራ ቦታ ሰጥቷችኋል። መቅረታችሁን ማንም ልብ የማይልበት ቦታ ላይ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየት ከባድ ነው። እልህም አያቆይም። በምዝገባው ቀን «የእኔ አስተባባሪ ማነው? ስልኩስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስም ካልተሰጣችሁ ገና ከጅምሩ ጥርጣሬ ያዙ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ድሬ ላይ ሰዓት ማለት ሙቀት ማለት ነው። አካፋ የሚያስይዝ ሥራ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ተጀምሮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ካላለቀ ጤና የለውም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተማው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ግማሹ ጥላ ሥር ነው፣ ግማሹ ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ዘመቻ አለ የሚል ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ፕሮግራም ነው።

ሦስተኛው ከኪስ የሚወጣው ነው። በጎ ፈቃድ ደሞዝ የለውም፣ እሱ የታወቀ ነው። ግን ባጃጅ አለ፣ ውሃ አለ፣ ጠዋት ባዶ ሆድ ስለማይሠራ ፉሉ ወይም ሳምቡሳው አለ። ከገንደ ቆሬ ሳቢያን በየቀኑ የምትመላለስ ልጅ ክረምቱ ሲያልቅ ቤተሰቧ ቀላል የማይባል ብር አውጥቷል። «ትራንስፖርት ትሸፍናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ካልሸፈኑ በእግር የሚደረስበትን ምረጡ።

ከዚያ ሁለት ነገሮች ይቀራሉ። አንዱ ሙያ ነው፣ መስከረም ላይ የምትችሉት አዲስ ነገር። ሌላው ደኅንነት ነው፤ ጓንት፣ ጫማ፣ ማምሻ ላይ የሚመልስ ሰው፣ ጎርፍ። የምስክር ወረቀቱን ሆን ብዬ መመዘኛ ውስጥ አላስገባሁትም። ሁሉም ጋ ይሰጣል፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። «በክረምት በጎ ፈቃድ ተሳትፏል» ከሚል ማኅተም ይልቅ ምን እንደሠራችሁ የሚገልጽ ሁለት መስመር ይበልጣል። እንዴት እንደሚገኝ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

የማጠናከሪያ ትምህርት

በእኔ ግምት ለተማሪ ከሁሉም የተሻለው ይሄ ነው። ሥራው ጠዋት ነው፣ ጥላ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ በሰፈራችሁ ትምህርት ቤት ነው። ብትቀሩም የሚፈልጋችሁ አለ። ከፊታችሁ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ግን ዝም ብሎ ዘው አይባልም። ድሬዳዋ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ነው የሚሰጠው። በአማርኛ የተማራችሁ ሆናችሁ ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ በአፋን ኦሮሞ ላስተምር ብትሉ አፍ ላይ ያለው ቋንቋ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይከዳችኋል። «ክፍልፋይ» ሰፈር ውስጥ ስትጫወቱ የምታወሩት ቃል አይደለም። ስለዚህ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የማስተማሪያ ቋንቋውንም አስቀድማችሁ እወቁ።

ሌላው ችግር ቅልቅሉ ነው። በክረምት ክፍል ውስጥ ከሁለተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ታናሽ ወንድሙን ይዞ የመጣም አለ፣ እናቱ ገበያ ስትሄድ የሚጠብቀው ስለሌለ። ለሁሉም አንድ ትምህርት ልስጥ ካላችሁ በሦስተኛው ቀን ድምፃችሁ ይዘጋል። የሚያዋጣው አንድ ትምህርት መያዝ ነው። ንባብ ብቻ፣ ወይም ማባዛትና ማካፈል ብቻ። ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በሚችሉት መጠን በሦስት ቡድን ክፈሏቸው፤ የሚችለው የማይችለውን ያሳየው። ፊደል ያልለየ አራተኛ ክፍል ካጋጠማችሁ አትደንግጡ፤ ያጋጥማል። እሱን ፊደል አስለይታችሁ ብትወጡ ክረምታችሁ ከበቂ በላይ ሠርቷል።

ጠመኔ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ክላስ የምታስቆመው ግን እሷ ናት።

ለማን ይሆናል? ከአሥረኛ ክፍል በላይ ላለ ሁሉ። ወደፊት መምህርነት ባታስቡም፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚለመደው እዚህ ነው።

ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ

በአገር ደረጃ «በጎነት በሆስፒታል» በሚል ስም የሚታወቅ አሠራር አለ። ወጣቶች ሆስፒታል ገብተው ሕክምና ሳይሆን እገዛ ይሰጣሉ። ድሬ ላይ ሲታሰብ ድል ጮራና ሳቢያን ሆስፒታሎች ናቸው ቀድመው የሚመጡት።

እዚህ ከተማ ይህ ሥራ ከሌላ ቦታ የበለጠ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ቋንቋ ነው። ድል ጮራ የድሬ ሰው ብቻ የሚታከምበት አይደለም። ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር ይመጣል፣ ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ይመጣል። ጠዋት ካርድ ክፍል አካባቢ ብትቆሙ የምታዩት እንዲህ ነው፦ አንዲት እናት የላብራቶሪ ወረቀት በእጃቸው ጨብጠው ኮሪደሩን ሁለቴ ይዞራሉ። በሩ ላይ የተጻፈውን አያነቡም። የሚያልፈውን ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚሮጥ ሁሉ በሶማልኛ ይጠይቃሉ፤ እሱ በአማርኛ ይመልሳል። ወረፋቸው ያልፋል። አንድ ሶማልኛ የሚችል የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ «እማማ፣ በዚህ በኩል» ብሎ ክንዳቸውን ቢይዝ የሦስት ሰዓት እንግልት በአሥር ደቂቃ ይቀራል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ የሚቀላቅል የድሬ ልጅ ይህንን እንደ ችሎታ አይቆጥረውም። እዚያ ግን ትልቅ ሀብት ነው።

ገደቡን ግን አጥብቁት። መድኃኒት አትሰጡም፣ መርፌ አትነኩም፣ ቁስል አታጥቡም። ሰው ሲቸገር አይታችሁ «እኔ ላድርገው» ማለት ይመጣል፤ አታድርጉት። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጓንትና ማስክ ይሰጣል ወይ፣ በየትኛው ክፍል አልገባም፣ ስለ ጉበት በሽታ ክትባት ምን ታስባላችሁ። ሦስተኛውን ስትጠይቁ አንዳንዱ ይስቃል። ይሳቅ። ደግሞ ያያችሁትን ታማሚ ሰፈር ወስዳችሁ አታውሩ። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።

ሕክምና ወይም ነርሲንግ ለመማር የምታስቡ ካላችሁ ይሄ ክረምት ዋጋው ትልቅ ነው። ሽታውን፣ ጩኸቱን፣ ለቅሶውን ችላችሁ ትኖሩበት እንደሆነ ዩኒቨርሲቲ ሳትገቡ ታውቁታላችሁ። ልቡ ቶሎ ለሚነካ ሰው ግን አይመከርም። ማታ ቤቱ ድረስ ይዞት ይሄዳል።

የትንኝ ዘመቻና የአካባቢ ጽዳት

በማስታወቂያው ላይ «የአካባቢ ጽዳት» ተብሎ በሁለት ቃል የሚታለፈው ሥራ ድሬ ላይ ዋናው መሆን ነበረበት ባይ ነኝ። ከተማዋ ከትንኝ ጋር ያላት ታሪክ ቀላል አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ገባ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ቤት ለቤት ዞረ። መገጣጠሚያው ተይዞ ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሰው ያልነበረበት ቤት ብዙም አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በበጋ ተነሣ። ሰበቧ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ወደ አገራችን በቅርብ ዓመታት የገባች ትንኝ ነበረች። የዱሮዋ የወባ ትንኝ ዝናብ ትጠብቃለች። ይህችኛዋ ግን ሰው ባጠራቀመው ውሃ ትራባለች፤ በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ጉድጓድ።

ቺኩንጉንያንና ደንጊን የምታስተላልፈው ሌላ ትንኝ ናት፤ እሷም ንጹሕ የተጠራቀመ ውሃ ትወዳለች፣ የምትነክሰው ግን ቀን ነው። የድሬ ሰው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣለት ያጠራቅማል፣ ይሄ ወንጀል አይደለም። ችግሩ ክዳን የሌለው በርሜል ነው። አንዱን ጠጋ ብላችሁ ባትሪ አብሩበት። ቀጫጭን፣ ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉ ነገሮች ታያላችሁ። በርሜሉን በእጃችሁ መታ ስታደርጉት እየተንቀጠቀጡ ወደ ታች ይጠልቃሉ። ትንሽ ቆይተው ለመተንፈስ ይመለሳሉ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ክንፍ ያወጣሉ። ስለዚህ በርሜሉ በሳምንት አንዴ ተደፍቶ ግድግዳው በብሩሽ ከተፈተገ ዑደቱ ይቆረጣል። መፈተጉ የሚያስፈልገው እንቁላሉ ከውሃው በላይ ካለው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ነው። ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል።

ይህን ለአንዲት እናት ባትሪ ይዛችሁ በርሜላቸው ላይ ካሳያችኋቸው ሌላ ስብከት አያስፈልግም። ራሳቸው ለጎረቤት ያሳያሉ። ሥራው ከሰፈር አይወጣም፣ ወጪ የለውም፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ይሠራል። መጥፎ ጎኑ አደረጃጀቱ ነው። ዘመቻው ወረርሽኝ ሲነሣ ይጀመራል፣ ሲበርድ ይረሳል። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ መንደር ብትይዙና በየሳምንቱ ያንኑ መንደር ብትዞሩ ግን ከማንኛውም ዘርፍ የበለጠ ውጤቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ቦይ ጠረጋ ላይ ከተመደባችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ስትሠሩ ሰማዩን የምታዩት ከተማው ላይ ሳይሆን ወደ ደንገጎ ተራራ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ እዚህ ጠብታ ሳይጥል ይደርሳል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንደዚያ ሆኖ ነው። ላይኛው በኩል ደመና ካጠቆረ አስተባባሪው ምንም ቢል ከአሸዋው ውጡ።

ችግኝና ቤት እድሳት

ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግኋቸው አመላቸው አንድ ስለሆነ ነው። ሁለቱም በመክፈቻው ቀን ሞቅ ይላሉ። ቲሸርት አለ፣ ባነር አለ፣ ካሜራ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ከተመዘገበው ሰው ሲሶው ይመጣል።

አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ችግኝ መትከል የማያውቅ ተማሪ የለም። ድሬ ላይ ግን መትከል ቀላሉ ነው። ዝናቡ አጭር ነው፣ መስከረም ካለፈ ፀሐዩ አይምርም። ከዚራ ሰፈር ዛሬ የምትጠለሉበት ዛፍ ሁሉ የሆነ ሰው ውሃ ያጠጣው ዛፍ ነው። ስለዚህ ስትመዘገቡ «ጥቅምት ላይ ማን ያጠጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ከሃያ ችግኝ ይልቅ በራችሁ ላይ ሁለት ኒም ተክላችሁ ብታሳድጉ ይሻላል።

ቤት እድሳቱ የተለየ ነው፤ እሱ ሲሆን በእውነት ይሆናል። ቆርቆሮው የሚያፈስባቸው አዛውንት ቤት ገብቶ በሁለት ሳምንት መቀየር ቀልድ አይደለም። ግን ለተማሪ የሚተርፈው ሥራ ጭቃ ማቡካትና ድንጋይ ማቀበል ነው። አናጢ ካለና ሊያሳያችሁ ከፈቀደ ሚስማር ቀጥ አድርጎ መምታት ተምራችሁ ትወጣላችሁ። አሮጌ ቆርቆሮ ሲነሣ ጓንትና ወፍራም ጫማ ከሌለ አትንኩት። የዛገ ሚስማር ረገጥን ብሎ ጤና ጣቢያ መሄድ የተለመደ ነው። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ጣሪያ ላይ አትውጡ።

ትራፊክ፣ ደም ልገሳ፣ ቀይ መስቀል

ትራፊኩን በአጭሩ ልለፈው። ፊሽካና አንጸባራቂ ሰደርያ ይሰጣችኋል፣ ቀፊራ ወይም አሸዋ ገበያ አካባቢ ትቆማላችሁ፣ ባጃጆቹ አይሰሟችሁም። በሙቀቱ ላይ የጭስ ማውጫ ሽታ አለ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሕፃናት ማሻገር ትልቅ ሥራ ነው። በክረምት ግን ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ለአስም በሽተኛ ፈጽሞ አይሆንም።

ደም ልገሳ የክረምት ሙሉ ሥራ አይደለም፣ የግማሽ ሰዓት ነገር ነው። ሆኖም ክረምት ላይ ልዩ ቦታ አለው። በበጋ ብዙ ደም የሚሰበሰበው ከትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪው ሲበተን ክምችቱ ይቀንሳል፣ ወላዶችና አደጋ የደረሰባቸው ግን አይቀንሱም። ዕድሜያችሁ 18 ከሞላና ክብደታችሁ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነ በየሦስት ወሩ መስጠት ትችላላችሁ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ብትሰጡ መስከረም መጨረሻ ሁለተኛውን ትደርሳላችሁ። ጠዋት በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ሂዱ። በድሬ ሙቀት ባዶ ሆድ ደም ሰጥቶ ባጃጅ መጠበቅ ራስ ያዞራል። ዕድሜያችሁ ያልደረሰ ታላላቆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እሱም በጎ ፈቃድ ነው።

ቀይ መስቀል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመ ማኅበር ነው። እዚህ ያነሣሁት ግን ከቀበሌው ዘርፎች ጋር ስለሚወዳደር ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ካገኛችሁበት የምትይዙት ሙያ ከሁሉም ይበልጣል። የሚፈስ ደም ማቆም፣ የተሰበረ እግር ማሰር፣ የታነቀን ሕፃን ማዳን ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ነው። ሥልጠናው ሁልጊዜ አይኖርም፤ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ መቼ እንደሚጀመር ጠይቁ።

ዩኒቨርሲቲ ላላችሁና ለተመረቃችሁ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማርና ምርምር ላይ የማኅበረሰብ አገልግሎትንም እንዲሠሩ ያዛል። ስለዚህ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሐረማያ የምትማሩ ከሆነ ከቀበሌው በፊት የራሳችሁን ኮሌጅ ጠይቁ። የሕግ ተማሪ አቤቱታ መጻፍ ከማያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቢሠራ ከሙያው አይወጣም። የጤና ተማሪ ሐረር ካምፓስ ካለ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በእጁ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አስተማሪ ይከታተላችኋል፣ ስትሳሳቱ ያርማችኋል። ጉዳቱ ደግሞ ነሐሴ ላይ ግቢው ባዶ መሆኑ ነው።

ለተመረቃችሁና ሥራ ለምትፈልጉ የሰላም ሚኒስቴር ብሔራዊ የበጎ ፈቃድ ማኅበረሰብ አገልግሎት አለ። ይሄ ከሁሉም የተለየ ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥልጠና ይሰጣል፣ ከዚያ ከተወለዳችሁበት ክልል ውጭ ትመደባላችሁ፣ ለወራት እዚያው ትኖራላችሁ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. አካባቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄደው ያገለግሉ ነበር። ብዙዎቹ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ገጠር አሰማርቷል። የዛሬው ከእነዚያ የሚለየው በፈቃድ መሆኑ ነው። እናትና አባት ወይም አያት ቤት ውስጥ ካሉ በዚያ ዘመን የዘመተ ሰው አይጠፋም። የት እንደሄዱ፣ ምን እንደበሉ፣ ምን እንደፈሩ ጠይቋቸው። ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ ታገኛላችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። የኪስ ገንዘቡ ስንት ነው፣ በየስንት ጊዜውስ ይከፈላል? መኖሪያው የማን ነው? የምመደብበት ቦታ ሁኔታ ቢለወጥ ማን ይመልሰኛል? ሦስተኛውን ከቤተሰብ ጋር ሆናችሁ ጠይቁ። ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ ደግሞ ርቃችሁ ስትሄዱ የሥራ ፈተና ቀን ሊያልፋችሁ እንደሚችል አስቡ።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | ብትቀሩ ፈላጊ አለ? | ከኪስ የሚወጣ | የሚቀር ሙያ | የሚያስጠነቅቅ ነገር |
|---|---|---|---|---|
| የማጠናከሪያ ትምህርት | አለ፣ ልጆቹ | ትንሽ | ማስተማር፣ ሰው ፊት መናገር | የማስተማሪያ ቋንቋ፣ የክፍል ቅልቅል |
| ሆስፒታል | አለ፣ በፈረቃ | ባጃጅ፣ ምሳ | አስተርጓሚነት፣ የጤና ሥራ ዕውቀት | ተላላፊ በሽታ፣ የመንፈስ ድካም |
| የትንኝ ዘመቻ | አንድ መንደር ከያዛችሁ አለ | የለም | ማሳመን፣ የጤና ዕውቀት | ዘመቻው መቋረጡ |
| ችግኝ | የለም | ትንሽ | ጥቂት | ከመስከረም በኋላ ውሃ |
| ቤት እድሳት | ባለቤቶቹ | ትንሽ | አናጢ ካለ አለ | ሚስማር፣ ጣሪያ |
| ትራፊክ | አልፎ አልፎ | ውሃ | ጥቂት | ሙቀት፣ ጭስ |
| ደም ልገሳ | ታማሚው | ቁርስ | የለም | ዕድሜ፣ ክብደት |
| ቀይ መስቀል | አለ | ባጃጅ | የመጀመሪያ እርዳታ | የሥልጠና ወቅት |
| የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት | አስተማሪው | እንደ ቦታው | የራሳችሁ ሙያ | ነሐሴ ላይ መዘጋቱ |
| ብሔራዊ በጎ ፈቃድ | አለ፣ በፊርማ | ሻንጣና የመነሻ ብር | ለብቻ መኖር፣ ሌላ ክልል ማወቅ | ርቀት፣ ጸጥታ፣ የሥራ ፈተና |

ታዲያ ማን የቱን ይያዝ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና የጨረሳችሁ ጊዜ የተረፋችሁ እናንተ ናችሁ። ውጤት እስኪመጣ ቤት ቁጭ ማለት ያሳብዳል። ጤና የምትመኙ ሆስፒታል ግቡ፣ ሌላው ማጠናከሪያ ትምህርት ይያዝ። ደሙንም ጨምሩበት፣ 18 ከሞላችሁ።

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያላችሁ የትንኙን ሥራ ሞክሩ። ከሰፈር አትርቁም፣ ወላጅ አይጨነቅም። ሴት ልጅ ከሆንሽ ደግሞ ከጓደኛሽ ጋር ሁለት ሆናችሁ ተመዝገቡ። ከማታ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚያልቅ ነገር ካለ አስተባባሪው ቤት ማድረስ እንዳለበት በግልጽ ንገሪው።

ክረምቱን ሠርታችሁ ለመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም የምትገዙ ከሆነ በየቀኑ የሚጠራ ፕሮግራም ውስጥ አትግቡ። ታይዋን ገበያ ሱቅ ውስጥ እየሠሩ ዕለቱን ለበጎ ፈቃድ መስጠት አይቻልም፤ ሁለቱንም ታበላሻላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት መንደር መዞር ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ንባብ ማስተማር ይበቃል። ማንም ቢወቅሳችሁ መልሱ አጭር ነው፦ ቤት ውስጥ የሚበላ አለ።

ከሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት የተመለሳችሁ ልጆች ለማጠናከሪያ ትምህርት ወርቅ ናችሁ። በተለይ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፊዚክስና ሒሳብ የሚያግዝ ሰው ይጠፋል። የተመረቃችሁና እስካሁን ከድሬ ወጥታችሁ የማታውቁ ደግሞ የቤተሰብ ሁኔታ ከፈቀደ ብሔራዊውን አስቡበት።

ሐረር ያላችሁ ለበጎ ፈቃድ ድሬ ድረስ አትውረዱ። ከ50 ኪሎሜትር በላይ መንገድ በየቀኑ አያዋጣም። እዚያው ጀጎል ውስጥ የአዛውንት ቤት አይጠፋም፣ ሆስፒታሉም ደጃችሁ ነው።

አሁን ስለ ወረቀቱ። የምስክር ወረቀት የሚታደለው ክረምቱ ሲዘጋ፣ ጳጉሜ ወይም መስከረም መግቢያ ላይ ነው። ያን ቀን ግርግር ነው፤ ስም ይሳሳታል፣ አንዳንዱ ስም ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ነሐሴ አጋማሽ ላይ አስተባባሪያችሁን ለብቻ አግኙት። ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እዩ፣ መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። ከዚያ «ምን እንደሠራሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍልኝ» በሉት፦ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለስንት ልጆች ወይም ለስንት ቤት፣ በየትኛው ቋንቋ። ሥራ ይበዛበታል፤ ረቂቁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ፎቶ ኮፒውን አንድ እናታችሁ ሳጥን ውስጥ፣ አንዱን ደግሞ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።